ባሕር ማዶ እንግሊዝኛ ማስተማር፦ ተፈላጊነቱ የት፣ ክፍያው የት?

ታይላንድ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ሦስት ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። በመጀመሪያው ጠረጴዛ ባለፈው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ የወጣ እንግሊዛዊ አለ፤ የተመረቀው በጂኦግራፊ ነው፤ በወር ከ35 እስከ 40 ሺህ ባት ያገኛል። በሁለተኛው በሀገሯ የማስተማር ፈቃድ ያላትና ስምንት ዓመት ያስተማረች ፊሊፒናዊት አለች፤ የሚከፈላት 20 ሺህ አካባቢ ነው። በሦስተኛው ታይላንዳዊት ጀማሪ መምህርት ተቀምጣለች፤ ደመወዟ ከ15 እስከ 18 ሺህ ባት ነው፤ ፈተና የምታወጣውም፣ ወላጅ የምታነጋግረውም፣ የልጆቹን ውጤት የምትሞላውም እሷ ናት። ሦስቱም የያዙት መጽሐፍ አንድ ነው።

እንግሊዛዊው የሚከፈለው ለማስተማር ችሎታው ቢሆን ኖሮ ፊሊፒናዊቷ በበለጠችው ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን የገዛው በመግቢያው በር ላይ የሚሰቀለውን ፎቶግራፍ ጭምር ነው፤ ወላጅ ክፍያውን ሲከፍል ፈረንጅ ማየት ይፈልጋል።

ሥራ ፈላጊ የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያው ሁሉ «መምህራን በአስቸኳይ ይፈለጋሉ» ይላል፤ ፍላጎት ካለ ክፍያም አብሮ ይኖራል የሚል ግምት ያሳድራል። ለወዳጆቼ እንዲህ ያሉ ውሎችን ሳነብ ብዙ ቆይቻለሁ፤ የታዘብኩት ሁለቱ እምብዛም እንደማይገናኙ ነው። መምህሩ ከልብ በሚፈለግበት ቦታ ከፋዩ ደኻ ነው። ከፋዩ ባለጸጋ በሆነበት ቦታ ደግሞ ከመምህሩ ይልቅ ፓስፖርቱ ይፈለጋል። ይህን የሚያፈርሱ ጥቂት አማራጮች አሉ፤ ወደ እነርሱ እንደርሳለን። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ ዶላር የተመነዘረውም ለግምት ያህል ነው።

## መጀመሪያ መመዘኛው

አምስት ጥያቄዎችን እጠቀማለሁ፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

የመጀመሪያው «ቀጣሪው የሚገዛው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ትምህርት የሚገዛ ቀጣሪ ስለ ሥልጠናዎና ስለ ልምድዎ ይጠይቃል፤ ናሙና ትምህርት ያስተምሩ ይላል። መልክ የሚገዛ ቀጣሪ ፎቶግራፍና የፓስፖርት ቅጂ ይጠይቅና በማግሥቱ ውል ይልካል። ፈጣን ቅጥር ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ሳይመረምር የቀጠረ ሳይመረምር ያሰናብታል።

ሁለተኛው በሩ ለማን ክፍት እንደሆነ ነው፤ ፓስፖርት፣ ዲግሪ፣ የማስተማር ፈቃድ፣ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ፣ የሰነዶች ማረጋገጫ ማኅተም። ብዙ ሰው ደመወዝ ሲያወዳድር ወራት ካጠፋ በኋላ በዚህ ጥያቄ ይወድቃል።

ሦስተኛው የእውነተኛው ሰዓት ዋጋ ነው። ውሉ ላይ የሚጻፈው የማስተማሪያ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዝግጅቱ፣ እርማቱ፣ «የቢሮ ሰዓት» የሚባለው መቀመጥ አይቆጠርም። በሌላ በኩል የቤት ኪራይ፣ የአውሮፕላን ትኬትና የስንብት ክፍያ ደመወዝ ናቸው፤ እነርሱም ይቆጠሩ።

አራተኛው ከጎንዎ ያለው የሀገሬው መምህር የሚያገኘው ነው። ይህን ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ስለ ሥራው ዕድሜ ከሁሉ የበለጠ የሚነግረኝ እሱ ነው። ከሀገሬው መምህር እጥፍ የሚያገኙ ከሆነ እርስዎ የቅንጦት ወጪ ነዎት፤ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው የእርስዎ መስመር ነው። የሴኡል ከተማ በ2011 መጨረሻ በመንግሥት መካከለኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ለነበሩ የውጭ እንግሊዝኛ መምህራን የሚውለውን በጀት ቆርጧል። ጆርጂያም በ2010 ከሩሲያኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመዞር ቸኩላ በየገጠሩ የውጭ መምህራንን አሰማርታ ነበር፤ በ2012 መንግሥት ሲለወጥ ጥድፊያው ቀዘቀዘ። ከሀገሬው መምህር ያነሰ የሚያገኙ ከሆነ ደግሞ ርካሽ ጉልበት ሆነዋል፤ ያም የራሱ መልእክት አለው።

አምስተኛው መውጫው ነው። ሥራው ቢከፋ ቪዛዎ የማን ነው? ስትለቁ ምን ይዛችሁ ትወጣላችሁ?

## አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ

በ1961 በዩጋንዳ ማኬሬሬ የኮመንዌልዝ አገሮች ስለ እንግሊዝኛ ትምህርት ጉባኤ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ ከወጡት እምነቶች አንዱ ጥሩው መምህር አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ሰው ነው የሚለው ነው። ሮበርት ፊሊፕሰን የተባለው የቋንቋ ምሁር በ1992 ይህን እምነት መሠረተ ቢስ ብሎ ተቸው። ክርክሩን ለመረዳት ምሁር መሆን አያሻም፤ ቋንቋውን ተምሮ ያወቀ ሰው ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል ያውቃል፤ እሱም እዚያው ላይ ተሰናክሎ ነበርና። ዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ቴሶልም በ2006 አፋቸውን በሌላ ቋንቋ በፈቱ መምህራን ላይ የሚደረገውን አድልዎ የሚቃወም አቋም በይፋ አውጥቷል።

የቪዛ ሕጉ ግን ይህን አልሰማም። ደቡብ ኮሪያ ኢ-2 የሚባለውን የቋንቋ መምህርነት ቪዛ ለእንግሊዝኛ የምትሰጠው በመሠረቱ ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒው ዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። ለሕንድ መምህራን በንግድ ስምምነት የተከፈተች ጠባብ በር አለች። ቻይናም በተግባር የምትፈልገው እነዚህኑ ሰባት ፓስፖርቶች ነው። ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ የተማረ ናይጄሪያዊ ወይም ኬንያዊ በዝርዝሩ የለም።

ይህ ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። ለምርጫው ግን ወሳኝ ነው፤ ከሰባቱ የአንዱ ፓስፖርት ከሌለዎት ከታች ከተዘረዘሩት ግማሽ ያህሉን ሳይደክሙ ይዝለሉ።

## የመንግሥት መርሐ ግብሮች

ከሁሉ የታወቀው በ1987 የተጀመረው የጃፓኑ ጄት ነው። ዲግሪ ይጠይቃል፤ በመርሐ ግብሩ የታቀፉ አገሮችን ዜጎች ይቀበላል፤ ዝርዝሩ ከኮሪያው ሰፊ ነው፤ ጃማይካንና ፊሊፒንስን የመሳሰሉ አገሮችም አሉበት። ትኬት ይከፍላል፤ ቢበዛ አምስት ዓመት ያሠራል። በ2025 በተደረገው ጭማሪ የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ወደ 4.02 ሚሊዮን የን ከፍ ብሏል፤ በወር 335 ሺህ የን ማለት ነው።

ጭማሪው ለምን እንደመጣ ማስተዋል ይገባል። ከዚያ በፊት የመጀመሪያ ዓመት ክፍያው 3.36 ሚሊዮን፣ በወር 280 ሺህ የን ነበር። በ2012 አንድ ዶላር 80 የን አካባቢ በነበረበት ጊዜ ይህ 3,500 ዶላር ነበር። የን ወደ 150 ሲወርድ ያው 280 ሺህ 1,870 ዶላር ገደማ ሆነ። ደመወዙ አልተነካም፤ ግማሹ ግን ተነነ። የትምህርት ብድር በዶላር የሚከፍል ወይም ወደ ቤተሰብ ገንዘብ የሚልክ ሰው ይህን ስሌት ሳይሠራ ወደ ጃፓን አይሂድ።

ጃፓን የውጭ መምህር ያስፈልጋታል? መልሱ እንደ ክፍል ደረጃው ነው። የጄት መምህር በስሙም በሥራውም ረዳት ነው፤ ክፍሉን የሚመራው ጃፓናዊው መምህር ነው። በመካከለኛና በሁለተኛ ደረጃ የመግቢያ ፈተናው በወረቀት ላይ ያለ ሰዋስውና ንባብ ስለሆነ ረዳቱ ብዙ ጊዜ ቃል አንብቦ ተማሪ እንዲደግም ያደርጋል። ረዳቶቹ ራሳቸውን «ሰው የሆነ ቴፕ» እያሉ የሚቀልዱት ለዚህ ነው። በአንደኛ ደረጃ ግን ነገሩ ይለያል። ከ2020 ጀምሮ እንግሊዝኛ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል መደበኛ ትምህርት ሆኗል፤ የሚያስተምረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሒሳቡንም ስፖርቱንም የሚያስተምረው የክፍል ኃላፊ ነው። እንግሊዝኛ ለማስተማር ያልሠለጠነ መምህር ባለበት ክፍል ረዳቱ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ሥራ ያገኛል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በጃፓን ትምህርት ቤቶች ያሉ ረዳቶች ሁሉ የጄት አይደሉም። ብዙ ወረዳዎች ረዳቶችን የሚወስዱት ከአቅራቢ ድርጅቶች ነው። ሥራው ያው፣ ክፍሉ ያው፤ ክፍያው ግን ከ200 እስከ 240 ሺህ የን፣ በዕረፍት ወራት ደግሞ ተቆራርጦ የሚደርስ ነው። የሥራ ሰዓቱ ሆን ተብሎ ለማኅበራዊ መድን ከሚያበቃው ዝቅ ተደርጎ የሚጻፍበት ውልም አለ። ቀድሞ ለብዙ ቀጣሪዎች ገደቡ 30 ሰዓት በነበረበት ጊዜ ውሎች «29.5 ሰዓት» ይሉ የነበረው ለዚህ ነው።

በ1995 የተጀመረው የኮሪያው ኤፒክ ለቆጣቢ ሰው የተሻለ ነው። ክፍያው ከ2.2 ሚሊዮን ዎን አካባቢ ይጀምራል፤ ቤት ይሰጣል፤ የትኬት ወጪን ከደረሱ በኋላ ይመልሳል፤ የማስተማሪያ ጊዜው በሳምንት 22 ሰዓት ነው። ቀሪው ጊዜ ወንበር ማሞቅ ነው፤ ይህ ለአንዱ ዕረፍት፣ ለሌላው እስር ቤት ነው።

የስፔን የቋንቋ ረዳትነት በአብዛኛው በሳምንት 14 ሰዓት ለ800 ዩሮ፣ በማድሪድ 16 ሰዓት ለ1,000 ዩሮ ነው። በሰዓት ሲሰላ መጥፎ አይደለም፤ በወር ሲሰላ ግን በማድሪድ ክፍል ተከራይቶ መኖር ጭንቅ ነው፤ ክፍያው በየጊዜው የሚዘገይባቸው አውራጃዎችም አሉ። ስፓኒሽ ለመማር የሚሄድ ይሂድ።

## የግል ማስጠኛ ማዕከላት

ብዙ ሰው የሚገባበት በር ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያዝንበትም ይኸው።

በኮሪያ ሀግዎን የሚባሉት ማዕከላት ልጆች ከመደበኛ ትምህርት በኋላ የሚሄዱባቸው ናቸው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ለጀማሪ የውጭ መምህር የተለመደው ክፍያ 2 ሚሊዮን ዎን አካባቢ ነበር። በ2006 የአገሪቱ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 3,100 ዎን ስለነበር፣ መምህሩ የሚያገኘው ከዝቅተኛው ወርኃዊ ደመወዝ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። በ2025 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 10,030 ዎን ሆነ፤ ሕጉ እንደሚያሰላው በወር 2,096,270 ዎን። የማዕከላቱ ማስታወቂያ ግን በዚያው ዓመትም ከ2.1 ሚሊዮን ይጀምር ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ የሱቅ አስተናጋጁ ደመወዝ የውጭ መምህሩን ደርሶበታል ማለት ነው። «ተፈላጊ ነን» ለሚሉ ሁሉ ይህን ቁጥር አሳያቸዋለሁ።

ፍትሐዊ ለመሆን ቤቱንም እንቁጠር። አንድ መምህር 2.4 ሚሊዮን ዎን ያገኛል፣ የሚሰጠው ቤት በኪራይ 500 ሺህ ያወጣል እንበል። በሕግ ዓመት ለሞላ ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዝ የስንብት ክፍያ ስላለ በየወሩ 200 ሺህ ይደመር። ድምሩ 3.1 ሚሊዮን ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ከሠራ ሰዓቱ 17,900 ዎን ገደማ ይሆናል፤ ጨዋ ክፍያ ነው። የማስታወሻ ደብተር እርማትና የወላጅ ሪፖርት ጨምሮ 50 ሰዓት ከሠራ ወደ 14,300 ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት ማዕከላትን ሲያወዳድሩ ከመቶ ሺህ ዎን የደመወዝ ልዩነት ይልቅ የአምስት ሰዓት ልዩነት ይበልጣል።

የስንብት ክፍያው ሌላም መዘዝ አለው። ዓመት ካልሞላ አይከፈልም፤ በአሥራ አንደኛው ወር የሚሰናበቱ መምህራን ቅሬታ በኮሪያ ያረጀ ነው። የጡረታ መዋጮም ቢሆን ለሁሉም አይመለስም፤ አሜሪካዊ፣ ካናዳዊና አውስትራሊያዊ ሲወጡ ጠቅልለው ይወስዳሉ፤ ብሪታንያዊ አይወስድም። በአንድ ክፍል፣ በአንድ ደመወዝ፣ ሁለት የተለያየ ሒሳብ።

የጃፓን የውይይት ትምህርት ቤቶች ታሪክም ተመሳሳይ ነው። ወርኃዊው 250 ሺህ የን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ዛሬ ከዚያ በታች የሚሰጡ ማስታወቂያዎች ሞልተዋል። የዘርፉ ትልቁ ድርጅት የነበረው ኖቫ በጥቅምት 2007 ሲከስር በሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ መምህራን ደመወዛቸው ተይዞ፣ ድርጅቱ ከተከራየላቸው ቤት ውጡ ተብለው ሜዳ ላይ ቀርተዋል። ትልቅነት ዋስትና አይሆንም፤ ቤትና ሥራ ከአንድ እጅ ሲመጡ አብረው ይሄዳሉ።

ቻይና ለረጅም ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ከፋይ ነበረች፤ በትልልቅ ከተሞች ከ15 እስከ 25 ሺህ ዩዋን ማግኘት የተለመደ ነው። በሐምሌ 2021 ግን መንግሥት የልጆችን የጥናት ጫና ለመቀነስ ባወጣው መመሪያ ማስጠኛ ማዕከላቱን አንበረከካቸው፤ ውጭ አገር ተቀምጠው በኢንተርኔት የቻይና ልጆችን የሚያስተምሩ መምህራንንም ከለከለ። በአንድ መመሪያ አንድ ሙሉ የሥራ ዘርፍ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የተረጋጋው መደበኛ ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከማዕከል ያነሰ ይከፍላል፤ ቤትና ረጅም ዕረፍት ግን ይሰጣል። መጻፍ ወይም መማር ለሚፈልግ ሰው ይህ ከሁሉ የተደበቀው ጥሩ ሥራ ይመስለኛል።

በቻይናም ሆነ በኮሪያ የሚወለዱ ልጆች ቁጥር እስከ 2023 ድረስ እጅግ ቀንሷል። በቻይና በ2016 የተወለዱት 17.86 ሚሊዮን ነበሩ፤ በ2023 9.02 ሚሊዮን። ኮሪያ በ2023 በአንዲት ሴት 0.72 ልጅ ደርሳለች። ዛሬ ያልተወለደ ልጅ ከስድስት ዓመት በኋላ ማዕከል አይመዘገብም።

## የባሕረ ሰላጤው አገሮች

እዚህ የሚፈለገው ወረቀት ነው። ዲግሪ፣ የማስተማር ፈቃድ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ልምድ፤ ሁሉም በየመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ተመትቶበት። ያንን ላሟላ ሰው ክፍያው ከእስያ ማዕከላት ይበልጣል፤ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በሳዑዲ ዓረቢያ ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር የለም። ሌላም ብዙ ሰው የማያነሳው ጥቅም አለ፤ ድርሃም በ3.67፣ ሪያል በ3.75 ከዶላር ጋር ተጣብቀው ይኖራሉ። በየን የደረሰው መትነን እዚህ አይደርስም።

የአገልግሎት ክፍያም አለ። በኤምሬቶች ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ይከፈላል። «መሠረታዊ» የሚለው ቃል ላይ ያስምሩበት። አንዳንድ ቀጣሪ 12 ሺህ ድርሃሙን 5 ሺህ መሠረታዊ፣ 7 ሺህ አበል ብሎ ይከፍለዋል፤ በየወሩ ልዩነት የለውም፤ ሲወጡ ግን የሚሰላልዎት በ5 ሺው ነው።

የፓስፖርት ደረጃ እዚህም አልቀረም፤ መልኩን ብቻ ቀይሯል። በብሪታንያ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምር ትምህርት ቤትና በሕንድ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምረው በአንድ ከተማ ውስጥ ሆነው ክፍያቸው እጅግ የተራራቀ ነው። ቪዛው በቀጣሪው ስፖንሰርነት የተያዘ ስለሆነ መውጫው ጠባብ ነው። ፓስፖርትዎን «ለጥንቃቄ» ልያዝልዎ የሚል ቀጣሪ ሕግ እየጣሰ ነው።

## ፈቃድ ያለው መምህር በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት

መፈለግና መከፈል የሚገናኙበት ቦታ ይህ ነው። በሀገሩ መደበኛ የማስተማር ፈቃድ ያለው፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ ወይም እንግሊዝኛ እንደ ትምህርት ዓይነት የሚያስተምር ሰው የሚወዳደረው በሌላ ገበያ ነው። ደመወዙ ከማዕከሉ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ የልጆቹ ትምህርት በነጻ ይሰጣል፤ የጤና መድን አለ። ፓስፖርት አሁንም ይታያል፤ ፈቃዱና ልምዱ ግን ይበልጥ ይመዝናሉ። ሁለት ዓመት በማዕከል ከማሳለፍ ይልቅ ያንን ጊዜ ፈቃድ ለማግኘት ያዋለ ሰው በአሥረኛው ዓመት የት እንደሚገኝ አይቻለሁ።

ከዚህ ጋር ስለ አጫጭር ምስክር ወረቀቶች አንድ ቃል። በኢንተርኔት «120 ሰዓት» ተብሎ በጥቂት ዶላር የሚሸጠው ወረቀት ቪዛ ያስገኛል እንጂ ማስተማር አያስተምርም። ሴልታ የተባለው የካምብሪጅ የመምህራን ሥልጠና በርካታ እጥፍ ያስከፍላል፤ ግን ስድስት ሰዓት በእውነተኛ ተማሪዎች ፊት፣ በመምህር እየታዩ ያስተምሩበታል። ያለ ልምድ ክፍል የገባ ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ሳምንት ያውቀዋል።

## በቤት ተቀምጦ በኢንተርኔት

ፓስፖርት የማይጠየቅበት በር ይህ ነው፤ ቢያንስ በአንዳንዱ መድረክ። ካምብሊ በደቂቃ 17 የአሜሪካ ሳንቲም፣ በሰዓት 10.20 ዶላር ይከፍላል፤ ዋጋው ለብዙ ዓመታት አልተለወጠም። በፕሪፕሊ ዋጋውን የሚተምኑት እርስዎ ነዎት፤ መድረኩ ግን ከእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ የመጀመሪያውን የሙከራ ትምህርት ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይወስዳል፤ ከዚያ ከ33 በመቶ ጀምሮ ሰዓትዎ ሲበዛ ወደ 18 በመቶ ዝቅ እያለ ይቆርጣል። 12 ዶላር ብለው የጀመሩ ሰው እጅ የሚገባው 8 ዶላር ነው። አይቶኪ 15 በመቶ ይቆርጣል።

ይህ ክፍያ ፍትሐዊ ነው? ኑሮ በተወደደበት ከተማ አይደለም። ኑሮ ርካሽ በሆነበት፣ ኢንተርኔትና መብራት በማይቋረጥበት ቦታ ለሚኖር ሰው ግን ከብዙ የባሕር ማዶ ውሎች ይሻላል፤ ትኬት የለም፣ ኪራይ የለም፣ ቪዛ የለም። ጡረታም የለም። የተለየ ሙያ ያለው፣ ለምሳሌ ነርሶችን ወይም የሒሳብ ባለሙያዎችን ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚያዘጋጅ መምህር፣ ከተራው ዋጋ ሁለትና ሦስት እጥፍ መጠየቅ ይችላል።

## በአፍሪካ ውስጥ

ሩዋንዳ በ2008 የማስተማሪያ ቋንቋዋን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ቀየረች፤ በፈረንሳይኛ የሠለጠኑ መምህራኗ በአንድ ሌሊት በማያውቁት ቋንቋ ሒሳብ አስተምሩ ተባሉ። በ2022 በሁለት መንግሥታት ስምምነት 154 የዚምባብዌ መምህራን ወደዚያ ሄደዋል። እነዚህ ሰዎች የሚፈለጉት ማስተማር ስለሚችሉ ነው፤ ስለ መልካቸው የጠየቀ የለም። ደመወዙ እንደ ባሕረ ሰላጤው አያከብርም። እውነተኛው ፍላጎት ያለበት ኪስ ቀጭን ነው ያልኩት ይህንን ነው።

## ባጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | የሚገዛው | በሩ | ክፍያ | የሚያሳስበው |
|---|---|---|---|---|
| ጄት፣ ጃፓን | ረዳትነት፣ የባህል ልውውጥ | ዲግሪ፣ የታቀፉ አገሮች ዜግነት | በወር 335 ሺህ የን | የምንዛሪ መውደቅ፣ የአምስት ዓመት ገደብ |
| ኤፒክ፣ ኮሪያ | ረዳትነት | ሰባቱ ፓስፖርቶች በአብዛኛው | ከ2.2 ሚሊዮን ዎን፣ ቤት ጋር | የበጀት ቅነሳ |
| ስፔን | ረዳትነት | ሰፋ ያለ | ከ800 እስከ 1,000 ዩሮ | ለኑሮ አይበቃም፣ ይዘገያል |
| ማስጠኛ ማዕከል | ፓስፖርትና ጉልበት | ሰባቱ ፓስፖርቶች በአብዛኛው | በኮሪያ በ2025 ከ2.1 ሚሊዮን ዎን፤ በቻይና ከ15 እስከ 25 ሺህ ዩዋን | ኪሳራ፣ የመመሪያ ለውጥ፣ ረጅም ሰዓት |
| ባሕረ ሰላጤ | ፈቃድና ልምድ | የተረጋገጡ ሰነዶች | ከግብር ነጻ፣ እንደ ትምህርት ቤቱ | በስፖንሰር የታሰረ ቪዛ |
| ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት | ማስተማር | የማስተማር ፈቃድ | ከሁሉ ከፍተኛው | መግቢያው ረጅም ነው |
| ኢንተርኔት | ጊዜ | ክፍት | በሰዓት ከ8 እስከ 12 ዶላር ለጀማሪ | ኮሚሽን፣ ዋስትና የለም |
| ታይላንድ | ፓስፖርት፣ ከዚያ ማስተማር | ዲግሪ | ከ20 እስከ 40 ሺህ ባት | የዜግነት ደረጃ |

## ለማን የትኛው

ከሰባቱ ፓስፖርት አንዱን የያዘ፣ ገና የተመረቀና ዓለም ማየት የሚፈልግ ሰው ጄትን ወይም ኤፒክን ያስቀድም፤ ሁለቱም የማመልከቻ ወቅት ስላላቸው ካለፈው ወደ ማዕከል ከመሮጥ ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ይሻላል። መቆጠብ ዓላማው ከሆነ የየንን ነገር ትቶ ቤት የሚሰጠውን የኮሪያ የመንግሥት ሥራ፣ ፈቃድ ካለው ደግሞ ባሕረ ሰላጤውን ይመልከት።

ፓስፖርቱ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ሰው ጥያቄው ሌላ ነው። የማስተማር ፈቃድ ካለው ባሕረ ሰላጤውና ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች፣ ከዚያም በአፍሪካ መንግሥታት መካከል የሚደረጉ ቅጥሮች ናቸው። ፈቃድ ከሌለው በኢንተርኔት ጀምሮ በጎን ፈቃዱን ማግኘት። ታይላንድ ይቀበለዋል፤ ነገር ግን ከጎኑ ካለው እንግሊዛዊ ግማሽ እየተከፈለው መሆኑን እያወቀ ይሂድ፤ ብዙ ፊሊፒናውያን ሒሳቡን አውቀው ሄደዋል፤ ያ የእነርሱ ውሳኔ ነው፣ ክብር ይገባዋል።

ልጆች ያሉት ሰው ከዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት በቀር ሌላውን ባያስብ እመክራለሁ፤ የልጆች የትምህርት ክፍያ ብቻውን የማዕከልን ደመወዝ ይበላዋል።

በእጁ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ የመነሻውን ወጪ ይቁጠር፦ የሰነድ ማረጋገጫ፣ የጤና ምርመራ፣ ትኬት፣ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪመጣ የሚበላው። ትኬት «ተመላሽ ይሆናል» የሚል ውል ትኬት ይከፍላል ከሚለው አይተካከልም። በኮሪያ ለቅጥር ወኪሉ የሚከፍለው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ከመምህሩ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠመ እዚያው ላይ ያቁም።

ከመፈረም በፊት አንድ ነገር ብቻ ማድረግ የሚችል ሰው ቢጠይቀኝ፣ ከእሱ በፊት በዚያ ወንበር ላይ የነበረውን መምህር አድራሻ ይጠይቅ እለዋለሁ። መምህሩን ሲያገኘውም ስለ ደመወዙ አይጠይቀው፤ ያ ውሉ ላይ አለ። የመጨረሻው ወር ደመወዝህና የስንብት ክፍያህ በስንተኛው ቀን እጅህ ገባ ብሎ ይጠይቀው።